የቀይ ጠርሙሶቹ ሐኪም

በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ሰማንያ ሦስት ሠራተኞች አሉ። ሰማንያ ሁለቱ ጠዋት በሩን ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አንዱ ግን ቆም ይልና አየሩን በረጅሙ ይስባል፤ ከዚያ እንደ ሐኪም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ ሰው ስም የለውም አይባልም፤ መታወቂያው ላይ ከነአያቱ ተጽፏል። ግን በስሙ የጠሩት እንደሆነ እሱም ከሌሎቹ ጋር ዞር ዞር ብሎ ማን ይሆን ይላል። አቤት የሚለው "ጋሽ አፍንጫ!" ሲሉት ብቻ ነው።

ሥራው ትልቁን ጋን መጠበቅ ነው። የከተማው ፍሳሽ ውሃው ተለይቶ ሲሄድ ከሥር የሚቀረው፣ ጥቁርና እንደ ጭቃ የወፈረው ነገር ዝቃጭ ይባላል። ይህ ዝቃጭ አየር በማይገባበት፣ እንደ ሰው ገላ በሞቀ የብረት ጋን ውስጥ ይዘጋበታል። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። እነሱ ዝቃጩን እየበሉ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ ጋዙም የጣቢያውን ሞተር ያዞራል። የከተማው ሰው ይህን አያውቅም፤ ቢነግሩትም ምሳው ላይ አትንገሩኝ ነው የሚለው።

ጋኑ ላይ ሙቀትና ግፊት የሚለኩ አሥራ አንድ ጌጆች ተገጥመዋል። ጋሽ አፍንጫ አንዱንም አያምንም። በየጠዋቱ ከጋኑ ሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ኩባያ ይቀዳል፣ ያሸታል፣ ጆሮውን ወደ ኩባያው ጠጋ ያደርጋል፣ ከዚያ ይፈርዳል። "ዛሬ ቅባት በዝቶባቸዋል፤ ሆዳቸው ተነፍቷል" ይላል። ጌጆቹ ይህንኑ ነገር ከሁለት ቀን በኋላ ይናገራሉ። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። ኋላ ግን ሪፖርት ከመጻፋቸው በፊት በመስኮት ብቅ እያሉ "ጋሽ አፍንጫ፣ ዛሬ እንዴት አደሩ?" ማለት ጀመሩ፤ የሚጠይቁት ስለ እሱ አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል።

በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቱ አንድ ቀን እንኳ አለቃ ሆኖ አያውቅም። ይህ ነገር ባለቤቱን ያንገበግባታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእሱ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ ሲሾሙ ሱፋቸውን ያጠበበችው እሷ፣ ሹመቱ ሲያወፍራቸው ያሰፋችውም እሷ ናት።

"አንተ ሰውዬ፣ በሥርህ አንድ ሰው ሳይኖር ጡረታ ልትወጣ ነው?" ትለዋለች።

"ሥራ አስኪያጁ በሥሩ ስንት ሰው አለው? ሰማንያ ሁለት። እኔ በአንድ ማንኪያ ውስጥ ብቻ ስንት ቢሊዮን አለኝ። ደግሞ አንዳቸውም የዓመት ፈቃድ ጠይቀውኝ አያውቁም።"

ጣቢያውን ለመጎብኘት ለሚመጡ ሰዎችም የጋኑን ነገር የሚያስረዳው እንደ መሥሪያ ቤት አድርጎ ነው። አንደኛው ክፍል ቆራጮቹ ናቸው፤ የመጣውን ሁሉ ይቆራርጣሉ። ሁለተኛው ክፍል የተቆራረጠውን ተቀብሎ ኮምጣጤ ያደርገዋል። ሦስተኛው ክፍል ኮምጣጤውን በልቶ ጋዝ ያወጣል። "ይሄ ሦስተኛው ክፍል ማህተም እንደያዘው ሰውዬ ነው" ይላል ጣቱን ቀስሮ። "እሱ ከቀረ ወረቀቱ ይከመራል፤ ሁለተኛው ክፍል በገዛ ወረቀቱ ታፍኖ ይሞታል።" ከጎብኚዎቹ መሃል የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ይህን ሲሰማ በረጅሙ ይተነፍሳል።

ጋኑ በእሱ ዘመን ሁለት ጊዜ ታሞ ነበር። መሐንዲሶቹ ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ሌላ ስብሰባ ሲጠሩ እሱ ከጎረቤት ካለው ትንሹ ጋን ጤነኛ ዝቃጭ በባልዲ እያመላለሰ ጨመረበት፣ ኮምጣጤውን ሊያበርድ ትንሽ ኖራ በተነበት። ሁለቱንም ጊዜ ጋኑ ስብሰባው ሳያልቅ ዳነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣ፤ ዝም ያለ ዝቃጭ ታሟል፣ የታመመን ደግሞ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ሕጉ ለጋኑ ጥሩ ሕግ ነበር። በእህቱ ልጅ ላይ ግን መዓት አመጣ።

የእህቱ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አንድ ቀን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ ጣቢያው ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ ከጋንህ ትንሽ ዝቃጭ ስጠኝ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"ግማሹን ልመርዘው።"

ጋሽ አፍንጫ የያዘው ኩባያ ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። ልጅቱ ቶሎ ብላ አስረዳችው። አንድ ነጭ ዱቄት አለ፤ ቆራጮቹን አይነካም፣ ኮምጣጤ አድራጊዎቹንም አይነካም፣ የጋዝ አውጪዎቹን እጅ ብቻ ይይዛል። አጋጅ ኬሚካል ይሉታል።

"እነሱን ብቻ ዝም ካሰኘኋቸው ሌሎቹ ምን ይሆናሉ? ማን ይጠፋል? ማን ይበዛል? በባዶው ቦታ ማን ይገባል? ይሄንን ነው የማጠናው።"

"ይሄማ ምን ጥናት ያስፈልገዋል? ይታነቃሉ።"

"በቁጥር ነው የሚፈለገው፣ ጋሼ። ስንቱ፣ በስንት ቀን።"

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ነውና፣ የእህት ልጅ ጭንቅ የራስ ጭንቅ ነው። ጀሪካኑን ሞላላት። ሲሞላላትም ከየት በኩል ያሉት ጠንካሮች እንደሆኑ አስቦ፣ ሞት የማይፈሩትን መርጦ የቀዳ ይመስለው ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ሽታውን ስለፈራ ሥራ አስኪያጁ ከጋኑ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍል ለቀቀላት። ልጅቱ የሙቀት ሣጥን አስገባች፣ ውስጡ አሥራ ሁለት ወፍራም ጠርሙሶች ደረደረች፣ ሁሉንም በዝቃጭ ሞልታ በጎማ ውታፍ ደፈነቻቸው። ስድስቱ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ለጠፈች፤ እነሱ ምንም አልተደረገባቸውም። ስድስቱ ላይ ቀይ ለጠፈች፤ እነሱ ውስጥ ዱቄቱ ገብቷል። ጋዙ የሚለካው በመስታወት ሲሪንጅ ነው። መርፌው ውታፉን ሲወጋው ጋዙ ሲሪንጁን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። በየሰኞው ደግሞ ከየጠርሙሱ ጠብታ ታህል ወስዳ ውስጡ ማን እንዳለ በዘራቸው ታስቆጥራለች። ቅዳሜና እሑድ ግን ከከተማው ወዲያ ማዶ መምጣት አልቻለችም፤ ቁልፉን ለአጎቷ ሰጠችው።

"ማንበብና መጻፍ ብቻ ነው፣ ጋሼ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?"

የመጀመሪያው እሑድ መጣ። አረንጓዴዎቹ እንደ ልማዳቸው ሲሪንጁን ደስ በሚል ሁኔታ ገፉት። ጻፈ። ወደ ቀዮቹ ሄደ። የመጀመሪያው ዜሮ። ሁለተኛው ዜሮ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ መርፌውን ነቅሎ ጫፉን አሸተተ። ኮምጣጤ ነው። ጆሮውን ጠርሙሱ ላይ ለጠፈ። ምንም የለም። ደብተሩን ዘጋ፣ በሩን ቆለፈ፣ እስከ ግቢው በር ሄደ፣ ከዘበኛው ጋር ስለ አየሩ ጠባይ ተጫወተ፣ ከዚያ እግሩ ራሱ መለሰው።

"የሚያቃስት በሽተኛ ደህና ነው" አላቸው ለስድስቱ ጠርሙሶች። "ዝም ያለው ነው የሚያስፈራኝ።"

አየር ለእነዚህ ነፍሳት መርዝ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ውታፍ አልከፈተም። ትልቁን ሲሪንጅ በወፍራም መርፌ አድርጎ ከእያንዳንዱ ቀይ ጠርሙስ ሩቡን ሳበ፣ በምትኩ ከጋኑ በቀዳው ትኩስ ዝቃጭ ተካው። ለኮምጣጤው ኖራ እንዳይጨምር ኖራው ጠርሙሱ ሥር እየዘቀጠ ይታያል፤ ስለዚህ ቤት ሄዶ ከባለቤቱ ቁም ሣጥን ለኬክ የምታስቀምጠውን ሶዳ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣ። በሞቀ ውሃ በጥብጦ ለእያንዳንዳቸው እንደ ሕፃን ሽሮፕ ሰጣቸው። ሥራው እንዲህ የጠራ ስለነበር ከውጭ ለሚያየው አንዲት ጠብታ እንኳ የተነካች አትመስልም። ለተንኮል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይጠነቀቅም ነበር።

በሁለተኛው እሑድም አሁንም ዜሮ ናቸው፤ ግማሹን ቀየረ። በሦስተኛው እሑድ "እልኸኞች ናችሁ፤ እኔ ደግሞ ከእናንተ እብሳለሁ" ብሎ ከግማሽ በላይ ቀየረላቸው። በዚህ ጊዜ ቀዮቹ ጠርሙሶች ቀይነታቸው የፕላስተር ብቻ ነበር። ደብተሩን በተመለከተም ጋዙን ጻፍ አለችኝ እንጂ መድኃኒቱን ጻፍ አላለችኝም ብሎ ራሱን አሳመነ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ማክሰኞ ዕለት ልጅቱ ከዕቃ ክፍሉ እየጮኸች ወጣች። ጋሽ አፍንጫ እሳት የተነሳ መስሎት ባልዲ ይዞ ሮጠ። አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት።

"ጋሼ! ተነሱ! ቀዮቹ ተነሱ!"

"አይ... እሰይ" አለ ጋሽ አፍንጫ። የሐኪም ኩራት ወደ ጉሮሮው ሲወጣ ተሰማው። በሽተኞቹ ድነዋል! "ነግሬሽ አልነበር፣ ጠንካሮች ናቸው።"

"መርዙን ለመዱት! ሦስት ሳምንት ዝም ብለው ቆይተው መርዙን ለመዱት! ይሄ እኮ ማንም ያላየው ነገር ነው!"

ኩራቱ ከጉሮሮው ተመልሶ ወረደ፤ ሲወርድም የሆነ ነገር ይዞ ወረደ። ጋሽ አፍንጫ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳደረገ ገባው። አፉን ከፈተ። ልጅቱ ግን ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እየሮጠች ነበር።

የዩኒቨርሲቲው አማካሪዋ ከተሾመ ወዲህ ሲስቅ ታይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ደብተሩን ሁለት ጊዜ ገለበጠ፣ ሁለት ጊዜ "ይህ እውነት ከሆነ" አለ፣ በሦስተኛው ጥርሱ ታየ። በሚቀጥለው ሐሙስ በትልቁ አዳራሽ በመምህራኑ ሁሉ ፊት እንድታቀርበው ቀን ቆረጠላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ጋሽ አፍንጫ እንዴት እንደገፋው እሱ ነው የሚያውቀው። ዓርብ ስልክ ደወለላት። "ስለ ጠርሙሶቹ አንድ ነገር..." ሲል "ጋሼ፣ አንተ እኮ ዕድሌ ነህ፤ እጅህ ነው የቀናው!" አለችው። እጄ ነውማ፣ አለ በሆዱ፣ ስልኩንም ዘጋ። እሑድ ፊት ለፊት ሊነግራት እህቱ ቤት ሄደ። ልጅቱ አልነበረችም፤ እህቱ ግን የአንዱን ቀይ ጠርሙስ ፎቶ አሳጥባ፣ በመስታወት አስገብታ፣ ሳሎን ላይ ከሟች ባሏ ፎቶ ጎን ሰቅላው አገኛት። "እየው ወንድሜ፣ የልጄን ነገር እየው!" አለችው ዓይኗ እንባ አቅርሮ። እሱም አየ። ውሃ ጠጥቶ ሄደ።

ረቡዕ ባለቤቱ ኬክ ጋገረች። ኬኩ እንደ ጫማ ሶል ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ።

"ሶዳዬን ማን ነካው?"

ጋሽ አፍንጫ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ሊል አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን ታሪኩ በሙሉ ነው። ባለቤቱ መቀሷን ይዛ ሰማችው። መጀመሪያ በጣም ሳቀች፤ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠች።

"ነገ ካልተነገራት ምን የሚሆን ይመስልሃል?"

"ማን ያውቃል? ጠርሙስ ጠርሙስ ነው።"

"ሌላ አገር ያለ ሌላ ሰው የሷን አይቶ ይሞክረዋል። ቀዩ አይነሳለትም። ደግሞ ይሞክራል፣ አይነሳለትም። ያኔ ውሸታም የሚባለው ማን ነው? አንተ? አንተን ማን ያውቅሃል? የልጅቱ ስም ነው ለዘላለም የሚበላሸው።"

ኬኩን በላው፤ በቅጣት መልክ፣ እስከ መጨረሻው።

ሐሙስ ከማለዳው አዳራሹ በር ላይ ደረሰ። ከመግባቷ በፊት ሊነግራት ነው። ነገር ግን አንዱ ፕሮጀክተር ሲያስተካክል፣ አንዱ ውሃ ሲያቀርብ፣ ልጅቱ በሰው ተከባ እንደ ሙሽራ ከርቀት እጇን ብቻ አወዛወዘችለት። ወደ እሷ ሊጠጋ ሲል አንድ አስተናጋጅ ክንዱን ይዞ "ጋዙን ያነበቡት እርስዎ ነዎት? ቦታዎ ከፊት ነው" ብሎ መጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ በእህቱና በባለቤቱ መሃል አስቀመጠው። ባለቤቱ በክርኗ ጎሸመችው። እህቱ በሌላ በኩል እጁን ይዛ ትጨብጠዋለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያም መለየት አቃተው።

ልጅቱ ጀመረች። ጥሩ ተናገረች። የአረንጓዴዎቹን መስመር አሳየች፤ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የቀዮቹን አሳየች፤ እንደ ሜዳ የተዘረጋ መስመር ነው። ከዚያ በሃያ ሁለተኛው ቀን መስመሩ ቀና አለና ሽቅብ ወጣ።

"ይህ መነሳት" አለች "ጋዝ አውጪዎቹ ከመርዙ ጋር መኖርን እንደተማሩ ያሳያል።"

አማካሪው ጥርሱን አሳየ። መምህራኑ መጻፍ ጀመሩ። ጋሽ አፍንጫ እስክሪብቶዎቹ ወረቀት ሲነኩ ሰማ፤ የእህቱ ልጅ ስም እየተጻፈ ነው። ጉልበቱ ሳያማክረው ቆመ።

"ይቅርታ" አለ። "ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። ያ ቀይ መስመር እኔ ነኝ።"

"ምን አሉ አባት?" አለ አማካሪው።

"ሽቅብ የወጣው መስመር። መርዙን የለመደ የለም። እኔ ነኝ የቀየርኳቸው። ታመው ስላየኋቸው ከጋኑ ጤነኛ እያመጣሁ ቀየርኳቸው። ሶዳም ሰጥቻቸዋለሁ። ልጅቱ አታውቅም፤ ምንም አታውቅም። እሷ ያየችውን ነው የተናገረችው።"

ከኋላ ረድፍ አንዱ ፈነዳ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ መምህር ከተማሪ ሳይለይ፣ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። "ሶዳ!" እያለ የሚደጋግም አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነበር። ያልሳቁት አራት ሰዎች ናቸው፤ ጋሽ አፍንጫ፣ ባለቤቱ፣ እህቱና ልጅቱ። ልጅቱ አመልካች በትሯን እንደያዘች ቆማለች።

"ስንት እሑድ?" አለችው።

"ሦስት።"

ፕሮጀክተሩን አጠፋች።

ጥናቱ ከመጀመሪያው ሊደገም ተወሰነ፤ ምረቃዋ ለግማሽ ዓመት ተላለፈ። አብረዋት የተማሩት ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ ጠርሙስ ታጥባለች። እህቱ የጠርሙሱን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች፣ ለወንድሟም በስልክ የሚገባውን ያህል ነግራ፣ የማይገባውንም ጨምራ ዘጋችበት። ጣቢያው ውስጥ ደግሞ መቀለጃ ሆነ። እስክሪብቶው ያለቀበት ሁሉ "ጋሽ አፍንጫ፣ ይሄ ዝም ብሏል፤ ትንሽ ሶዳ" እያለ ያመጣለታል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ መኪናው አልነሳ ሲለው አስጠራው። ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው የልጅቱን ዝምታ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለችም፤ እሱም ለመደወል ፊት አልነበረውም። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አያሸትም። መሐንዲሶቹ "እንዴት አደሩ?" ሲሉት ጌጁን እዩት ይላቸው ጀመር፤ እነሱም ነገሩ የከፋ መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጀሪካኗን ይዛ መጣች። ሰላምታ የለም። ቀጥ ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች፣ መክፈቻውን ታገለችው፣ አልከፈት አላት። ጋሽ አፍንጫ ከጀርባዋ ቆሞ በመጨረሻ እጁን ሰደድ አድርጎ ከፈተላት። ጀሪካኑ እስኪሞላ ሁለቱም ጀሪካኑን አዩ። ሲሞላ ልጅቱ ከኪሷ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ አውጥታ ዘረጋችለት።

"ለእኔ?" አለ። "አብደሻል?"

"እሑድ እሑድ የሚያነብ ሰው ያስፈልገኛል።"

"ዘበኛው አለልሽ፣ መሐንዲሶቹ አሉልሽ..."

"ዘበኛው ቢነካካቸው በአዳራሹ መሃል ተነስቶ ይነግረኛል?"

ጋሽ አፍንጫ ቁልፉን ተቀበለ።

"ከተቀበልክ ግን አንድ ነገር ስማ" አለች። "የቀዮቹ ዝምታ በሽታ አይደለም። እኔ ጥያቄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ዝምታቸው መልሳቸው ነው። አንተ መልሱን ከአፋቸው ነጥቀህ የራስህን አጎረስካቸው።"

"ኮምጣጤውስ?"

"ይከማች።"

"ያንቃቸዋል እኮ!"

"ማንን በስንት ቀን እንደሚያንቅ ነው የማጠናው፣ ጋሼ!" አለች፤ ጋሼ ስትል ሳታስበው ሳቀች፣ መሳቋ ደግሞ አናደዳትና ጀሪካኑን አንስታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ስልሳ ቀን የጋሽ አፍንጫ የሕይወት ዘመን ፈተና ነው። በራሱ ስላልተማመነ ባለቤቱን ለምኖ የሱሪዎቹንና የኮቱን ኪሶች በሙሉ በወፍራም ክር አሰፋቸው፤ ሲሪንጅ ቀርቶ መሐረብ አይገባም። ለቤት ወጪ የተሰጠውን ብር በካልሲው ይዞ ይሄድ ስለነበር ገበያ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ሰው ይሸሸዋል። ሶዳውን ባለቤቱ ቆለፈችበት። ዕቃ ክፍሉ ሲገባ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል፣ ዘበኛው ከውጭ እንዲያየው። ከዚያ ያነባል። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። መጀመሪያ አካባቢ የጻፋቸው ዜሮዎች ትልልቅና ክብ ናቸው፤ በሁለተኛው ወር ያሉት ከስተዋል። መርፌውን ሲነቅል የኮምጣጤው ሽታ በየሳምንቱ እየበረታ ሲሄድ ይሰማዋል። እጁ ይበላዋል። በተሰፋው ኪሱ ላይ ያሽና ይወጣል።

በአርባኛው ቀን የሦስተኛው ቀይ ጠርሙስ ሲሪንጅ ግማሽ መስመር ታህል ከፍ አለ። ጋሽ አፍንጫ ልቡ ዘለለ። ግማሽ ብሎ ጻፈ። ሊወጣ ሲል ግን ሣጥኑን ዳሰሰ፤ ከወትሮው ግሏል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሙቀቱ ከልክ አልፎ፣ ለማሞቂያው በሚቀርበው በዚያ ጠርሙስ ያለው ጋዝ ትንሽ ስለሰፋ ነው እንጂ ነፍስ አይደለም። ተመልሶ ደብተሩ ላይ ከጎኑ ጻፈ፤ "ሣጥኑ ሞቆ ነው። አትመኚው። እኔም ተመኝቼ ነበር።"

ጥናቱ አለቀ። ጋዝ አውጪዎቹ እጃቸው ሲያዝ ኮምጣጤው ተከማቸ፣ ከኮምጣጤ አድራጊዎቹ ገሚሶቹ በሦስተኛው ሳምንት ጠፉ፣ ገሚሶቹ ግን ጭራሽ ተባዙ፤ ቆራጮቹም ሥራቸውን ቀነሱ እንጂ አልተዉም። እንደ መጀመሪያው የሚያስጮህ ግኝት አልነበረም። ግን ማንም በየትኛውም አገር ቢሞክረው ይደገማል።

በሁለተኛው አቀራረብ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ግማሹ የመጣው ለሳቅ ነው። ልጅቱ አቅርባ ስትጨርስ፣ ያን ቀን "ሶዳ!" ሲል የነበረው ሽማግሌ ፕሮፌሰር እጁን አወጣ።

"አንድ ጥያቄ ብቻ" አለ ከንፈሩን እየነከሰ። "ጠርሙሶቹን ማንም አለመንካቱን በምን እርግጠኛ ሆንሽ?"

ሳቁ ከዚህም ከዚያም ተነሳ። ጋሽ አፍንጫ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀበረ። ልጅቱ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ቶሎ አላለቀም፣ ጠበቀች።

"የጠበቃቸው አጎቴ ነው" አለች። "ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል፣ ማንም በማያውቅበት ነገር፣ ከፊታችሁ ቆሞ አጥፍቻለሁ ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው። እርግጠኛ የሆንኩት በዚህ ነው።"

ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ጋሽ አፍንጫ አለቀሰ፤ ሳይደበቅ፣ በሁለቱም ዓይኑ፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ። ከዚያ ልጅቱ እንዲህ ስላለች እሱም አንድ ነገር መናገር ያለበት መሰለውና ጉልበቱ ሊነሳ ሲል ባለቤቱ የኮቱን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ጎተተችው።

"ተቀመጥ" አለችው በጆሮው። "ዛሬ አልተጠየቅህም።"